ዝቋላ የማን ነበር? የእድራችን ክርክር እዚህ ይቀጥል

የገላኑ ነዋሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የእድራችን ሰብሳቢ ለመጋቢት አቦ ወደ ዝቋላ የሚሄድ አውቶቡስ ከእድሩ ካዝና እንከራይ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የእኛ እድር የኮንዶሚኒየም እድር ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ በዋቄፈና፣ በኦሮሞው ነባር እምነት፣ ያደገውም አለበት። አንዱ ተነሥቶ «የእድር ብር ለቀብር እንጂ ለንግሥ አይወጣም» አለ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ሌላው ደግሞ «ዝቋላኮ ከገዳሙ በፊት የአባቶቻችን መለመኛ ነው፣ እኛም ድርሻ አለን፣ ይከራይ» ሲል ወሬው ከብር ወደ ታሪክ ዞረ። ሦስተኛው «ገዳሙ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ታውቃለህ ወይ?» ብሎ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል! ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ይዞ ወደ አዳማ የሚወጣ ሰው በስተቀኝ ብቻውን የተቀመጠውን ተራራ ሳያይ አያልፍም። እኛ ሰፈር ሰማዩ ሲጠራ ከሰገነት ይታያል። ታሪኩን ግን ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ነው የሚናገረው። የምታውቁትን አምጡልኝ፤ ለቀጣዩ ስብሰባ አንብቤላቸው ዝም ላሰኛቸው። ስድብ ያለው ሰው ግን ይለፈን።

የአቦ ዝክር
ሰኞ፣ 2፡48

እግዚአብሔር ይስጥልን ወንድሜ። የቤተ ክርስቲያኑን በኩል እኔ ልጀምር፣ የሚጨምር ይጨምርበት።

ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በገድላቸው እንደተጻፈው ትውልዳቸው ግብጽ፣ ንሂሳ ነው። አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። 300 ዓመት በግብጽ፣ 262 ዓመት በኢትዮጵያ፣ በድምሩ 562 ዓመት በተጋድሎ ኖረዋል። ሥዕላቸውን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ገላቸው በፀጉር የተሸፈነ ነው፤ ዙሪያቸውን 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ከበዋቸዋል። ወደ አገራችን የመጡት በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው። ምድረ ከብድና ዝቋላ ዋና ዋና ቦታዎቻቸው ናቸው። በዝቋላው ባሕር ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት እየለመኑ 100 ዓመት ቆሙ ይላል ገድሉ። ዛሬ ጠበሉ፣ ቃል ኪዳኑ፣ ዝክሩ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው።

የእድርህ ሰው «ድርሻ አለን» ካለ፣ አቦ ማንንም «ከየት መጣህ» ብለው አይመልሱም። ይምጣ፣ ይጠመቅ። ቦታው ግን ገዳም ነው፤ አበምኔት አለው፣ ሥርዓት አለው። እንደ ወል ግጦሽ መሬት የምንካፈለው አይደለም።

ዱከሜ
ሰኞ፣ 3፡05

ያ «ድርሻ አለን» ያለውን ሰውዬ ወድጄዋለሁ ሃሃ። ቆይ እስኪ፣ እራት በልቼ እመለሳለሁ፣ የምለው ብዙ ነው።

መምህር በጡረታ
ሰኞ፣ 3፡40

ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ ነገሩን ከወረቀት በኩል ልያዘው።

በመጀመሪያ ተራራው ራሱ። ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አናቱ ላይ ያለው ሐይቅ የተኛው በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ነው። ከታች ያለው የአድአና የሊበን ሜዳ በበጋ ሲደርቅ እላይ ጥድ፣ አስታና ውሃ አለ። ገበሬና ከብት አርቢ እንዲህ ያለ ተራራ እያየ ዝም ብሎ ያልፋል ማለት ይከብዳል። ማንም በማንኛውም ዘመን እዚህ ቢሰፍር ቀና ብሎ የሚያየው እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1460 ገደማ የጨረሰው ትልቅ የዓለም ካርታ አለ። ዝቋላ በስሙ ተጽፎበታል። መነኩሴው ኢትዮጵያን አላያትም። ስለዚህ አገር የጻፈውን ከአገሩ ሰዎች፣ ከሃይማኖት ሰዎች አፍ እንደሰማ ራሱ ይናገራል። በዚያ ዘመን ካህናቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ጣሊያን ይመላለሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1441 ፍሎረንስ በተደረገው ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ። እንግዲህ ከ500 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ኢትዮጵያዊ የሃይማኖት ሰው ለውጭ አገር ሰው «አገሬ ይሄ ነው» ብሎ ሲዘረዝር ዝቋላን ሳይጠቅስ አላለፈም ማለት ነው።

የዚህ ማስረጃ ጉልበት ግን እዚያው ድረስ ነው። የሚጽፈው የቤተ ክህነት ሰው ነበረ፤ ስለዚህ የተጻፈው ቤተ ክህነት የሚያውቀው ነው። በዚያው ጊዜ ከሐይቁ ዳር ማን ቅቤ ቀባ፣ ማን ሣር ነከረ፣ ማን ለዝናብ ለመነ፣ ወረቀት አልያዘውም። ወረቀት ያልያዘውን «አልነበረም» የሚል ተማሪ ነጥብ እቀንስበት ነበር። «ነበረ፣ እኛ ነበርን» ብሎ ዓመተ ምሕረት የሚሰጠኝም እንደዚያው። የእድራችሁ ሁለቱም ተከራካሪዎች ነጥብ አጥተዋል።

ዱከሜ
ሰኞ፣ 4፡22

መጣሁ። መምህር፣ ለማረሚያው እናመሰግናለን፤ እኔ ግን ወረቀት ሳይሆን አያት ነው ያለኝ።

እኛ ዘንድ ተራራው ጩቃላ ነው፤ ወረዳውም ሊበን ጩቃላ ነው የሚባለው። የቱለማ ሽማግሌዎች የከበሩ ተራሮችን ሲጠሩ ኤረርን (የረርን ማለቴ ነው)፣ ፉሪን፣ ወጨጫን፣ ጩቃላን ይጠራሉ። እስቲ እነዚህን ተራሮች በልባችሁ ካርታ ላይ አስቀምጧቸው፣ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበቧት ናቸው። የቱለማ የገዳ ማዕከል ኦዳ ነቤም እዚሁ የእኛው ዱከም አጠገብ ነው። ስለዚህ አያቴ ወደ ጩቃላ ዞራ ስትመርቅ እንግዳ ነገር እያደረገች አልነበረም፤ በሰፈሯ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ተራራውን ወይም ውሃውን አናመልክም። ምስጋናው ለዋቃ ነው፣ ለፈጣሪ። ኢሬቻ ሁለት መልክ አለው። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ውሃ ይወረዳል፤ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የምታዩት፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም ሆራ ፊንፊኔ የሚከበረው ይሄኛው ነው። በጋው አልፎ የበልጉ ዝናብ ሲጠበቅ ደግሞ ወደ ተራራ ይወጣል፣ ኢሬቻ ቱሉ ይባላል። እርጥብ ሣር ይዘህ ትሄዳለህ፣ ታመሰግናለህ፣ ትመረቃለህ፣ ትመለሳለህ። ይሄው ነው።

አሁን አስገራሚው ነገር። ይቺው አያቴ በየወሩ በ5 የአቦን ዝክር ትዘክር ነበር! ጠላው፣ ዳቦው፣ ቄሱም ሳይቀሩ። «እንዴት ሁለቱም?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷ ቤት ጥያቄው አልነበረም። ጥያቄ የሆነው አሁን ነው፣ ልጆቿ ከየአቅጣጫው ተምረው ሲመጡ።

መምህር በጡረታ
ሰኞ፣ 4፡50

ዱከሜ የነገረን ነገር ላይ አንድ ጣት ላስቀምጥ። ዝቋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። ኢሬቻም ሁለት ነው። የውሃው ከመስቀል በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ከጥቅምት 5 ጋር ያላቸው ርቀት ሦስት ሳምንት አይሞላም። የተራራው ደግሞ የበልግ መጠበቂያ ላይ፣ ማለትም መጋቢት የሚነካው ወቅት ላይ ነው። የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ወደ አንድ አካባቢ የሚንቀሳቀሰው ዝናብ ሲወጣና ዝናብ ሲጠበቅ ነው። እኔ ይሄን እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ መተው ይከብደኛል።

የአቦ ዝክር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። መጋቢት 5 የጻድቁ የዕረፍታቸው ቀን ነው። ዐቢይ ጾም መጀመሪያው ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ስለዚህ ይህ ቀን መቼም ቢሆን ከጾሙ አይወጣም። በጾም ደግሞ እንደልብ ማንገሥ ስለማይቻል በዓሉ በጥቅምት 5 እንዲከበር ተሠራ። መድኃኔ ዓለምን ተመልከቱ፣ ስቅለቱ መጋቢት 27፣ በዓሉ ጥቅምት 27። ጥቅምት 27ን ማንም የዝናብ በዓል አላለውም። በዚያ ላይ አቦ በመላው ኢትዮጵያ ነው የሚነግሡት፤ ዝናቡ በሌላ ወቅት በሚጥልበት አገርም ቀኑ ያው 5 ነው። ዝቋላ ቀኑን አልወለደውም።

መምህር በጡረታ
ማክሰኞ፣ 3፡30

ይሄ ጥሩ መልስ ነው፣ ስለ ቀኑ የሚከራከር የለኝም። የእኔ ጥያቄ ስለ ሕዝቡ ነው። አቦ በየደብሩ አለ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥም ሞልቷል። አድአና ሊበን ያለው ገበሬ ግን ደብሩን ትቶ ያንን ዳገት የሚወጣበት ምክንያት ከስንክሳር ብቻ አይገኝም። ወንበር ማርያም ደርሰህ ወደ ላይ ስታይ የሚታይህን ዳገት ታውቀዋለህ። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሰጠች፤ ተራራው ቀድሞውንም ሕዝብ የሚጠራ ተራራ ነበር። ሁለቱ አይጣሉም።

የአቦ ዝክር
ማክሰኞ፣ 3፡41

ለተራራው ክብር የሰጡት ጻድቁ ናቸው እንላለን እኛ። በቀረው ተግባብተናል።

አቃቂ 08
ማክሰኞ፣ 6፡20

የሴት ድምፅ ስለጠፋ ልግባ፤ ደግሞም የሙስሊም።

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የአርሲ ሰው ናት። እሷ ባደገችበት ፈረቀሳ የሚባል ቦታ አለ፤ የሲቲ ሞሚና ቦታ። ሞሚና እ.ኤ.አ. በ1929 ያረፈች ሴት ናት፣ ቦታው ግን እስከ ዛሬ ሰው አጥቶ አያውቅም። እዚያ ሙስሊሙ ይመጣል፣ ክርስቲያኑ ይመጣል፣ በድሮው እምነት ያለውም ይመጣል። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ ተሳላሚው ስለቱን ያስገባል። ባሌ ሼህ ሁሴንም እንዲሁ ነው፣ ዱላውን ይዞ በእግሩ የሚሄደውን ጋሪባ፣ ተሳላሚውን ማለቴ ነው፣ መንገድ ላይ ያየ ያውቃል። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ላይ ስለት ይዘው የሚሄዱ ሙስሊም ጎረቤቶች ነበሩን፤ ማንም አልገረመውም።

ስለዚህ «ቦታ መጋራት» የሚባለው ለእናቴ ትውልድ ትምህርት አልነበረም፣ ኑሮ ነው። መካን የሆነች ሴት የማንን ሃይማኖት በር እንደምታንኳኳ አትመርጥም፤ የሰማላት ጋ ትሄዳለች። አሁን ልጄ መድረሳ ተምሮ መጥቶ «እማ፣ ቀብር ማላቅ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው» ይለኛል። ተሳስቷልም አልል፣ ኪታቡን እሱ ነው የተማረው። ግን ቤታችን ፈረቀሳ መሄድ ቆሟል።

ቃሊቲ ጋራዥ
ማክሰኞ፣ 6፡55

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጅሽ ልክ ነው፤ እኔ በፕሮቴስታንቱም በኩል ያው ነው የምለው። ተራራ፣ ሐይቅ፣ ጠበል፣ ሣር... እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ከሆነ ለምን አውቶቡስ እንከራያለን? ዳገት የሚወጣ ስፖርተኛ ነው። ታሪክ ነው ካላችሁ ታሪክ ነው፣ እንደ ሙዚየም እንየው። «አብረን እንሳለም» ውስጥ ግን እኔን አታስገቡኝ። የእድር ብርም አይነካ!

ዱከሜ
ማክሰኞ፣ 7፡02

ወንድሜ፣ አታስገቡኝ ማለት መብትህ ነው። ግን አየህልኝ ነገሩን? ዝቋላ ላይ ኦርቶዶክስና ዋቄፈታ ቦታ ተነጣጥቀው አይደለም መገናኘት ያቆሙት። አያቴ ስትሞት ከሰባት ልጆቿ ሁለቱ ጴንጤ፣ አንዱ «ኢሬቻ ብቻ»፣ አንዷ መነኩሲት ለመሆን የምትመኝ፣ ሌሎቹ ምንም። ሁሉም እሷ ታደርግ ከነበረው ግማሹን ይዘው ግማሹን ጣሉ። ተራራው አልተዘጋም፤ እንደ እሷ ሁለቱንም ይዞ የሚወጣ ሰው ነው ያለቀው።

ጥድ ተካይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ስለ እምነቱ አላውቅም፣ ስለ ደኑ ልናገር። በ2004 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ዝቋላ ሲቃጠል ከሄዱት አንዱ ነኝ። በበጋው መጨረሻ የጥድ ደን እሳት ከያዘው አይለቅም፤ ላዩ ጠፋ ስትል ከሥር በደረቀው ቅጠልና ሥር ውስጥ ይሄድና ሃምሳ ሜትር ርቆ ይነሣል። የእሳት አደጋ መኪና እዚያ ዳገት ላይ አይደርስም። የነበረን መጥረቢያ፣ አካፋ፣ ቅርንጫፍ፣ አፈር ነው። ውሃ በጄሪካን ከሐይቁ ይቀዳል፣ ሰው በሰልፍ ተቀባብሎ ያወጣዋል።

ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት አብዛኛው የማኅበር ልጅ ነበር፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት። መንገዱን የሚያውቀው ግን የሥር ገበሬ ነው። እሳቱ በየት እንደሚዞር፣ ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚነሣ፣ የቱ ገደል እንደሚበላህ የሚነግርህ እሱ ነው። ከጎኔ ጄሪካን የሚቀባበለው ሰውዬ ሰዓቱ ሲደርስ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሰገደና ተመልሶ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ያኔ ነው ሙስሊም መሆኑን ያወቅኩት። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም፣ ጭሱ አያስወራም።

ታሪክ ከፈለጋችሁ ይሄም ታሪክ ነው። መነኮሳቱ እዚያ ባይኖሩ ያ ጥድ ተቆርጦ ድሮ ከሰል ሆኖ አልቆ ነበር። አካባቢህን ዙረህ እይ፣ ከአቃቂ እስከ ሞጆ ሜዳ ላይ የቀረ የጥድ ደን አሳየኝ። «ከተራራው እንጨት አይቆረጥም» የሚለው የሽማግሌ ክልከላና የገዳሙ ውግዘት ተደራርበው ነው ደኑን ያቆዩት። አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር ብዬ አላምንም።

ሰሚት 72
ማክሰኞ፣ 2፡20

ለማነጻጸር ያህል፣ ኢየሩሳሌም የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያንን ቁልፍ የሚይዙት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፣ ጁዴህና ኑሴይቤህ ይባላሉ። ውስጡን ስድስት አብያተ ክርስቲያናት ይካፈሉታል፣ የኛ መነኮሳት ጣሪያው ላይ ዴር ሡልጣን አሉ። እያንዳንዱ ጥግ የማን እንደሆነ የኦቶማን መንግሥት በ1852 እ.ኤ.አ. ባጸናው ሥርዓት ተቆርጧል፤ መሰላል እንኳን ያለ ስምምነት አይነሣም። ያም ሆኖ በዴር ሡልጣን ጉዳይ ከግብጾች ጋር ያለው ሙግት አላለቀም። ወረቀት መኖሩ ሰላም ማለት አይደለም። ዝቋላ እንዲህ ያለ ውል አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ስም የለኝም
ማክሰኞ፣ 3፡10

ሁላችሁም ስለ መጋራት ታወራላችሁ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዳሙ አባቶች መገደላቸውንስ ማን ያንሣው? አራት አባቶች። እሱም የዝቋላ ታሪክ ነው፣ ወይስ ለእድሩ ስለማይመች ይዘለላል?

አስተባባሪ
ማክሰኞ፣ 3፡25

አይዘለልም፤ የሆነ ነገር ነው፣ እዚህም ተጽፎ ይቀመጣል። ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን ከዚህ በታች «እነ እገሌ ናቸው» ብሎ ሕዝብን በጅምላ የሚከስ መልእክት ወዲያው ይነሣል። ከዚህ በፊት ሁለት ክሮች በዚሁ ተዘግተውብናል።

ዱከሜ
ማክሰኞ፣ 3፡40

ስም የለኝም፣ አንተ ብቻ አይደለህም ያዘንከው። ያን ሳምንት የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎችም አልቅሰዋል። መነኮሳቱን በስም የሚያውቋቸው እነሱ ናቸው፤ ገበያ ይገናኛሉ፣ ከብት ሲታመም ጠበል ይጠይቃሉ። ሐዘኑን ለአንድ ወገን ብቻ አታድርገው።

ስም የለኝም
ማክሰኞ፣ 3፡58

እሺ። ይሄን አልሰማሁም ነበር።

የአቦ ዝክር
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05

አሜን፣ ነፍሳቸውን ይማርልን።

አቃቂ 08 እህቴ፣ ስለ ፈረቀሳ የነገርሽን ሳስብ አደርኩ። ቤተ ክርስቲያን በዚያ አትስማማም፣ ልደብቅሽ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ዝቋላ ጠበሉ ጋ ሥርዓት የሚያስከብሩ አባት ሰው ሲመጣ ሃይማኖቱን አይጠይቁም፣ «ምን አመመህ?» ነው የሚሉት። ቁርባን ሌላ ነው፣ ለዚያ መጠመቅ ያስፈልጋል። ጠበል ግን በሩ ሰፊ ነው። ቀድሞም ሰው የተገናኘው እዚያ በር ላይ ይመስለኛል፤ መቅደስ ውስጥ ማንም ማንንም አላስገባም።

አቃቂ 08
ረቡዕ፣ 4፡15

ይሄ ለእናቴ ይበቃታል። ጉልበቷ ነው እንጂ ያመማት፣ ዳገቱን እንዴት እንደምትወጣ እንጃ።

መምህር በጡረታ
ረቡዕ፣ 5፡00

«በሩ ጠበሉ ጋ ነው» የሚለውን እቀበላለሁ፣ ከእኔ ካርታ የተሻለ ማስረጃ ነው። ገላን፣ ለእድራችሁ ስታነብላቸው ከዚያ ጀምር። ማን ቀደመ የሚለው ላይ ከቆማችሁ ቀብር እንኳን የምትደርሱ አይመስለኝም።

የገላኑ ነዋሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ዛሬ ተሰብስበን ነበር። ክሩን ከስልኬ አነበብኩላቸው፣ የእሳቱ ጋ ስደርስ ሰብሳቢው «ድገመው» አሉኝ። ያም ሆኖ የእድሩ ካዝና አይነካም ተብሎ በድምፅ ተወሰነ፤ የቃሊቲ ጋራዥ ደስ ይበልህ። የሚሄድ ሰው በነፍስ ወከፍ ያዋጣል። «ድርሻ አለን» ያለው ሰውዬ የመጀመሪያውን ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ድርሻዬ ይኸው» አለ። «ገዳሙ ከመቼ ጀምሮ» ያለውም ከፈለ፤ አንድ ወንበር ላይ እንዳይመደቡ ግን ሁለቱም ጠይቀዋል።

እስካሁን ሃያ ምናምን ሰው ተመዝግቧል። አቃቂ 08፣ እናትሽን የሚያወጣ በቅሎ ወንበር ማርያም ይገኛል ወይ ለሚለው የሚያውቅ ሰው ይንገረን።

ጥድ ተካይ
እሑድ፣ 2፡05

በበዓል ሰሞን የሚከራይ በቅሎም ፈረስም አይጠፋም፣ ዋጋውን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከቢሾፍቱ በኋላ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፣ አቧራ አለው፤ ለእናት ሻሽ ይያዝላቸው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ቢሾፍቱ ያለ ሰው ጠይቁ። ሌሊት እላይ ብርዱ ሌላ ነው፤ ጋቢ ሳትይዙ እንዳትወጡ። እሳት የምታነዱ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ከጥዱ ራቁ፣ ስትነሡም አፈር አልብሱት።

ዱከሜ
እሑድ፣ 2፡12

አውቶቡሱ ዱከም ላይ ይቆማል? አንድ ወንበር ያዙልኝ። ሣር እኔ አመጣለሁ።